የይቅርታ ወረፋ

የበደለችኝ ጥሩወርቅ ናት፤ የሟቹ ባሌ ታላቅ እህት። የበደለችኝም ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ባሌ የሞተ ዓመት ጥር ላይ፣ አንዴ ደግሞ አምና ጥቅምት ላይ፣ ሰሊጤ ለአጨዳ ሲደርስ። በመሀል ያሉትን ትናንሽ በደሎች ትቻቸዋለሁ። ሸሕዲ ውስጥ እኔን ያልበደለ ሰው ይምጣ ቢባል ገና ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ታቅፈው ካላመጡ በቀር ሰው አይገኝም። ሁሉን ልጻፍ ብል ዕድሜዬም ዓይኔም አይበቃም።

ከመጀመሪያው ልነሣ። ባሌ ከብት ይዞ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ በተሻገረበት ታሞ እዚያው ሞተ። ወሬው በገላባት ወደ መተማ ዮሐንስ ተሻግሮ ሸሕዲ ሲደርስ ጥሩወርቅ ልጇን እየዳረች ነበር። የሰማችው ጠዋት ነው፣ ሙሽራው ሳይመጣ። ምን ያደረገች ይመስላችኋል? ፊቷን ታጥባ ወጥታ ወጥ ቀመሰች። "ጨው አንሶታል" አለች፤ ያዩ ነግረውኛል። እኔ የሟች ሚስት እጄንና እግሬን ሂና ተቀብቼ ዳሱ መሀል እስክስታ ስወርድ ዋልኩ። ከታዳሚው ግማሹ ያውቅ ነበር። አንዳንዱ እኔን እያየ ዓይኑን ሲጠርግ፣ ጭፈራዬ ልቡን ነክቶት መስሎኝ ይብሱን ትከሻዬን ሰበቅሁ። መርዶው የተነገረኝ ሠርጉ ካለፈ በኋላ ነው። ዳሱ እንኳ አልፈረሰም፤ ለቅሶውን እዚያው ዳስ ውስጥ ተቀመጥን፣ ቄጤማው እንደተጎዘጎዘ። ሂና ደግሞ ቶሎ አይለቅም። ሊያስተዛዝነኝ የመጣ ሁሉ ቀይ እጄን እያየ ከንፈሩን መጠጠ። ባሌንም ሳልቀብረው ሰው አገር ተቀበረ።

ይህን የነገርኳችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። የሚያዝንልኝ ሰው ሲገጥመኝ ምን ፈልጎ ነው ብዬ በሬን እዘጋለሁ። የነገርኳችሁ ሁለተኛው በደል እንዲገባችሁ ነው።

እኛ ቆላ ያለን ሰዎች የምናውቀው በሽታ አንድ ነው፤ ወባ። ራስ ቢያም ወባ ነው፣ ሆድ ቢነፋ ወባ ነው፣ ሚስት ከባሏ ተኳርፋ ብትተኛም ወባ ነው። ስለዚህ ከዚያ ጥቅምት በፊት በነበረው ክረምት ራሴን ሲፈልጠኝ ወባ ነው አልኩ። የያዝኩት ብርጭቆ ሳላውቀው ከእጄ ሲወድቅም ወባ ነው አልኩ። ክኒኑን ደጋግሜ ዋጥኩት። ጆሮዬን ከማስጮህ በቀር የፈየደልኝ ነገር የለም።

ከዚያ ደግሞ የሚቃጠል ነገር ይሸተኝ ጀመር። ሰሊጥ ሲቆላ እሳት በዝቶበት ሲያር የሚሸት ሽታ ነው። ቤት ይሸተኛል፤ ቅዳሴ ላይ ይሸተኛል፤ ወፍጮ ቤት ይሸተኛል። አንድ ቀን ሠራተኞች ሰሊጡን ሲያርሙ ማሳው መሀል ቆሜ "እሳት!" ብዬ ጮህኩ። ሰዉ ጀሪካን ይዞ ሮጠ። እሳት የለም። ከጎጃም የመጣ አንድ ሠራተኛ ነበር፣ እሱን ጠራሁና "ሲጋራ ያጨስከው አንተ ነህ" አልኩት።

"ኧረ እኔ ሲጋራ በአፌም ዞሮ አያውቅ፣ እማማ!"

"ልታጨስ አስበህ ይሆናል" ብዬ አሰናበትኩት። በኋላ ነገሩ ከእሱ እንዳልሆነ ታወቀ። ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ቢሆንም ሰነፍ ነበር።

ትራክተር ነጂው ልጄ ሙላው አንድ ቀን ማሳው ዳር ወድቄ አገኘኝና ደጋ ወዳለ ትልቅ ሆስፒታል ወሰደኝ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ያሉኝ ጠላቶች ይበቁኛል። ራሴን የምድጃ አፍ በመሰለ ክብ መሣሪያ ውስጥ አስገብተው አነሡኝ። ውጤቱ የተነገረው ለሙላው ነው። ወጥቶ ግንቡ ሥር ፊቱን አዙሮ ቆመ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

"ሳይነስ ነው" አለኝ።

"ለሳይነስ ነው የምታለቅስ?"

"አቧራ ገብቶብኝ ነው፣ እምዬ።"

ሳይነስ ማለት አፍንጫ ውስጥ የተደላደለ ጉንፋን ነው ብሎ አስረዳኝ። እኔም አመንኩ። የሚቃጠለው ነገር የሚሸተኝ በአፍንጫዬ ነው፤ ታማሚው አፍንጫዬ ነው፤ ነገሩ ገጠመልኝ። ሰው ሊያምን የፈለገውን ነገር የሚያስገጥምበት ጥበብ መቼም ለጉድ ነው።

ጥቅምት ገባ። ሰሊጥ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ፤ ሰሊጥ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅም። ጊዜው ሲደርስ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ቀጥ ብሎ ተቁሞ መድረቅ አለበት፤ ያን የቆመ ነዶ ሂላ እንለዋለን። ከዘገያችሁበት ፍሬው ማሳው ላይ አፉን ከፍቶ ይፈስሳል። የዓመት ልፋት መሬት ላይ ተበትኖ ጉንዳን ሲሸከመው ቆሞ ማየት ነው። ሙላው "ሐኪም ቀጠሮ አለሽ" እያለ ሲነዘንዘኝ፣ "አፍንጫዬ ይጠብቃል፣ ሰሊጡ አይጠብቅም" አልኩት።

ይሄኔ ነው ጥሩወርቅ ጎኗን በእጇ ደግፋ ቤቴ የመጣችው። ከዚያ ሠርግ ወዲህ የተነጋገርነው ለሰው ፊት ብቻ ነው፤ እሷ "እንደምን ዋልሽ" ትላለች፣ እኔ "እግዜር ይመስገን" እላለሁ፣ እግዜርም እንዳላመሰገንኩት ያውቃል።

"ሐሞቴ ላይ ጠጠር ተገኘብኝ" አለች። "ደጋ ወስደው ኦፕራሲዮን ሊያደርጉኝ ነው። አስታማሚ የለኝም።"

"ልጅሽስ?"

"አራስ ናት።"

"ጎረቤትስ?"

"በአጨዳ ማን ቤቱን ይለቃል? አንቺው ታውቂያለሽ።"

እኔስ ማሳ የለኝም ወይ? ልላት ነበር። ግን ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ። ጥሩወርቅ ተጋድማ፣ እኔ ከራስጌዋ ቆሜ፣ "ውሃ ስጪኝ" ስትለኝ ቀስ ብዬ ስነሣ ታየኝ። ሙላውም ሠራተኛ ይዞ እንደሚያሳጭደው ማለልኝ። ያን ዕለት ጓዝ ሸከፍኩ። ሳፋ፣ ጀሪካን፣ በሶ፣ ድርቆሽ። ብርድ ልብስ ሁለት ያዝኩ፤ ወፍራሙን ለአስታማሚ፣ ፀሐይ የሚያሳልፈውን ስስ ደግሞ ለበሽተኛ። በሽተኛ ሆስፒታሉ ያለብሰዋል ብዬ ነው እንግዲህ።

መንገዱ ያን ሰሞን ሲከፈት ይከፈታል፣ ሲዘጋ ይዘጋል። በተከፈተበት ቀን በሚኒባስ ወጣን። መንገድ ላይ አንድ ነገር ግር አለኝ። በሽተኛዋ ሳፋውንም ጀሪካኑንም ተሸክማ እኔን በክንዴ ትደግፈኛለች። የያዘችውም ጎን ቅድም ቀኙ ነበር፣ አሁን ግራው ሆኗል።

"ጥሩወርቅ፣ ጠጠሩ ይዞራል እንዴ?"

"ይንከባለላል፣ እታለም" አለች ሳታፍር። "መኪናው ሲያዘነብል አብሮ ያዘነብላል።"

ሆስፒታሉ ደረስን። ነርሷ የእኔን ስም ጠራች። "አቤት፤ አስታማሚዋ እኔ ነኝ" አልኩ።

"አልጋዎት ይሄ ነው፣ እማማ። ልብስዎን ይቀይሩ።"

"በሽተኛዋ እሷ ናት።"

ጥሩወርቅ ጣሪያውን እያየች ነበር። ጣሪያው ላይ መቼም የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ቀለሙ የተላጠ ጣሪያ ነው።

"ተኚ እንጂ ጥሩወርቅ!"

"አንቺ ጋደም በይበት፤ አልጋው እንዳይቀዘቅዝ" አለች። ቀጥላም "ከመጣሽ አይቀር እግረ መንገድሽን ሳይነስሽን ይዩልሽ። ትንሽ ነገር ናት፣ ጥርስ እንደ መንቀል።"

"ያንቺ ጠጠርስ?"

"መንገዱ ሲያንገጫግጨኝ ሟሟ መሰለኝ።"

ጥዬ ልወጣ በር ድረስ ሄጄ ነበር። ግን መንገዱ ከኋላችን ተዘግቷል፤ ሙላውም በስልክ "ስለ እኔ ብለሽ" እያለ ለመነኝ። ተመልሼ ተኛሁ። ስሱ ብርድ ልብስ የበሽተኛ ስለሆነ ለእኔ ደረሰኝ። ወፍራሙን አስታማሚዋ ወለል ላይ አንጥፋ ተጠቀለለችበት። ክፍፍሉን ያወጣሁት እኔው ነኝ። የደጋ ብርድ ለቆላ አጥንት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከጎኔ የተኛችው ከገለጉ የመጣች የሺ የምትባል ሴት ናት፤ በዕድሜ ትንሽ ታንሰኛለች፣ በወሬ ትበልጠኛለች።

"አንቺስ ምንሽን ነሽ?" አለችኝ።

"ሳይነሴን። አንቺስ?"

"እኔ ነርቭ ነኝ። ያቺ በመስኮቱ በኩል ያለችው ምች ናት። በሩ አጠገብ ያለችዋ መነጽር ናት።"

"መነጽር ምንድን ነው?"

"ዓይኗ ደክሞ መነጽር ሊያደርጉላት ነው። ጠዋት ፀጉሯን ላጭተዋታል።"

"ለመነጽር ፀጉር ይላጫል?"

የሺ አሰበች። "ጆሮዋ ላይ በደንብ እንዲቀመጥ ይሆናል" አለች።

ጥግ ላይ ደግሞ ከሱዳን ጦርነት ሸሽታ የመጣች፣ ቶብ የሚባለውን የአገሯን ልብስ የተጠቀለለች ሴት ነበረች። እህቷ ቀኑን ሙሉ "ማፊ ሙሽኪላ" ትላታለች፤ ችግር የለም ማለት ነው። ችግር ባይኖርማ ቀኑን ሙሉ ባልተባለ።

እንግዲህ ያ ክፍል የጭንቅላት እጢ ያለባቸው ሰዎች የሚተኙበት ክፍል ነው። ይህን አሁን ነው የምነግራችሁ። ያኔ ክፍሉ ውስጥ አንድም እጢ ያለበት ሰው አልነበረም። ሁሉም ነርቭ፣ ብርድ፣ ምች፣ ጉንፋን ነበር። አስታማሚዎቹ ተራ በተራ ወደ ኮሪደሩ ይወጣሉ፣ ፊታቸውን ታጥበው ይመለሳሉ፣ ዓይናቸው አብጦ "ምሳ ምን ይምጣልሽ?" ይላሉ። ኮሪደሩ ላይ ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው ያለ ነበር የሚመስል።

የእኔም "ትንሽ ነገር" አልደረሰም። ለነገ ነው ተብሎ እህል ውሃ ሳልቀምስ አድራለሁ፤ ሲነጋ መብራት የለም። ሌላ ጊዜ መብራቱ ሲመጣ ዋናው ሐኪም የለም። ሐኪሙ ሲመጣ መኪና የገጨው ሰው ይመጣና ተራዬን ይወስዳል። መኪና የገጨውን ሰው መቼም አትሰድቡትም። የሺ "ሑዳዴ ዘንድሮ በጥቅምት ገባ" ትላለች። ስንስቅ ራሳችንን ያመናል፣ ስለዚህ በየተራ እንስቃለን።

ሙላው ዘንድ እደውላለሁ። "ታጨደ?"

"እየታጨደ ነው።"

"ሂላው ቆመ?"

"ይቆማል።"

"ለሠራተኞቹ ስልኩን ስጣቸው እስቲ።"

"ራቅ ብለው ነው፣ እምዬ።" ከበስተጀርባው ዝም ያለ ማሳ ይሰማኛል። አጨዳ ባለበት ማሳ ዝምታ የለም፤ ዘፈን አለ፣ ስድብ አለ፣ "ውሃ አምጡ" አለ። ገባኝ። ሰሊጤ ቆሞ እየፈሰሰ ነው። የደጋ ሠራተኞች መንገዱ ተዘግቶ አልወረዱም፤ የወረዱትንም ባለ ብዙ ማሳዎቹ ቀድመው ወስደዋቸዋል። ያን ዕለት ወደ ግድግዳው ዞሬ ዋልኩ።

ፈንቴ የመጣው በማግስቱ፣ መንገዱ ሲከፈት ነው።

ፈንቴ በማሳ ጎረቤቴ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ በየእርሻው ትራክተሩን በእኔ ወሰን በኩል ያዞራል፤ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይበላል። ሽማግሌ ፊት አቁሜው "ወሰኗን ነክቼ ከሆነ ዓይኔ ይፍሰስ" ብሎ ምሏል። ዓይኑ እስካሁን ደህና ነው። ይህ ሰው ሙዝ ይዞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አልጋዬ ሥር ተንበረከከ።

"እታለም፣ ስለ ማርያም ብለሽ ይቅር በይኝ።"

"ለምኑ?"

"ለወሰኑ። አውቄ ነው ያዞርኩት።"

"ይህን ልትነግረኝ ነው በዚህ መንገድ የመጣኸው? ሰሊጥህን ትተህ? ለሳይነስ?"

ፈንቴ ጥሩወርቅን አየ። ጥሩወርቅ ጣሪያውን አየች። "ሳይነስም... ክፉ ነው" አለ።

ከእሱ በኋላ ደብሪቱ መጣች። ደብሪቱ የማርያም ማኅበርተኛዬ ናት፤ ጠላዬን ጠጥቶ ሰው ታመመ ብላ አስወርታብኝ ማኅበሩን የተውኩት በእሷ ነው። እግሬን ስማ አለቀሰች። "ጠላሽ ምንም አልነበረበትም። ከእኔ ጠላ በልጦብኝ ነው" አለች። ይህን ቃል ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቄያለሁ! ሲመጣ ግን አልጣመኝም።

ምክንያቱም እኛ አገር ሕግ አለ። ከሰው ጋር ተጣልተህ ሰውየው ቢሞት፣ አንተን ከሟች የሚያስታርቅ ሽማግሌ የለም። ያ ነገር አንገትህ ላይ ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ ማንም ሰው ጠላቱን ሳይታረቅ አይቀብርም። ሸሕዲ አንድ ልብ ሆና ሕመሜን ደበቀችኝ። ልጄ ዋሸ፣ ነርሷ ዋሸች፣ ጥሩወርቅ ጠጠር አበቀለች። የሚገርም ሥራ ነበር፣ እንከን የለውም። ያበላሸው ፍርሃታቸው ነው። ሳልሞት ለመታረቅ ሲሽቀዳደሙ እንደምሞት ነገሩኝ። ጠላት እግር ላይ የሚወድቀው ለቀብሩ የሚለብሰውን ነጠላ አጥቦ ሲያበቃ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልናገር። ለይቅርታ የመጡበትን ቀን ሰሊጤን ቢያጭዱልኝ ኖሮ ሳይጠይቁኝ ይቅር እላቸው ነበር።

"የሺ" አልኳት፣ ደብሪቱ እንደወጣች። "አንቺስ ይቅርታ ጠያቂ መጥቶልሻል?"

"ባሌ መጥቶ ነበር" አለች። "ከተፋታን ቆይተናል። ሌላ አግብቷል።"

"ምን አለሽ?"

"ይቅር በይኝ አለኝ።" ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ሳበችው። "ነርቭ አይደለሁማ?"

"አይደለሽም።"

"አንቺም?"

"እኔም አይደለሁም።"



ሐኪሙ ሊያየን ሲመጣ፣ የልጄ እኩያ ነው፣ እጁን ያዝኩት። "ጭንቅላቴ ውስጥ ምን አለ?"

ጥሩወርቅን ተመለከተ። "ለቤተሰብ ነግረናል፣ እናቴ።"

"ጭንቅላቱ የቤተሰብ አይደለም።"

ጥሩወርቅ ልትነሣ ስትል "ተቀመጪ!" አልኳት፤ ክፍሉ ሁሉ ተቀመጠ። ሐኪሙ አልጋዬ ጠርዝ ላይ አረፍ ብሎ ነገረኝ። እጢ ነው። የሚቃጠለው ሽታ ከእሱ ነው፤ ብርጭቆው የሚወድቀው ከእሱ ነው። ካልወጣ እያደገ ይሄዳል፣ መጨረሻውም አንድ ነው። ሲወጣም ሁሉም ላይወጣ ይችላል፤ እጄ ሊሰንፍ ይችላል፤ ሳልነቃም ልቀር እችላለሁ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ለዚህ ወደድኩት።

"ይውጣ" አልኩ። "የምወስነው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አትጠይቁ።"

ሐኪሙ ሲወጣ ፈራሁ። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። የምሞተውን ሞት ከእኔ በፊት ሸሕዲ ሁሉ አውቆት፣ ለቅሶዬ ላይ ማን ምን እንደሚያበስል ሳይቀር ሳያስቡት አይቀሩም። እንደገና ዳስ መሀል ያስጨፈሩኝ መሰለኝ።

ጥሩወርቅ ከወለሉ ተነሥታ አልጋዬ ሥር መጣች። "ይቅር በይኝ" አለች።

"አንቺም ወረፋ ያዝሽ?"

"ስለ ጠጠሩ አይደለም። ስለ ሠርጉ ነው።"

ያን ጥያቄ ያኔ ጠየቅኋት፤ ያን ሁሉ ዓመት አብሮኝ ያደረውን። "ስጨፍር እያየሽኝ ምን ነበር የምታስቢ?"

"አንድ ቀን ትጨፍር ብዬ ነበር። ከዚያ በኋላ የማትጨፍሪ ነበርሽ።" ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። "ወንድሜ ነበር እኮ። እኔም እንጀራ ሳቀርብ ነው የዋልኩ።"

አላሰብኩትም ነበር ይህን። ያን ቀን ጨው አንሶታል ያለችው ሴት የወንድሟን ሞት በአፏ ይዛ ወጥ እንደቀመሰች አላሰብኩትም። ግን ልቤን አልከፈትኩም።

"ቀኑ የእኔ ነበር" አልኳት። "ባሌም የእኔ። ጭንቅላቱም የእኔ። ምን ጊዜ ማወቅ እንዳለብኝ የምትሰፍሪልኝ አንቺ ማነሽ?"

"ይቅር አትይኝማ?"

ይሄኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እነዚህ ሰዎች ይቅር ካልኳቸው ሥራቸው አለቀ፤ በሰላም ሊቀብሩኝ ይችላሉ። ይቅር ካላልኳቸው ግን እንድነሣ የማይፈልግ ሰው ሸሕዲ ውስጥ አይኖርም።

"ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጠይቂኝ" አልኳት። ለፈንቴም፣ ለደብሪቱም እንዲሁ አስነገርኩ። ፈንቴ በስልክ ጮኸ፦ "ባትነሺስ?"

"እሱን አንተ አስብበት" ብዬ ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ! ፈንቴ ለጊዮርጊስ ጥላ ተሳለ። ደብሪቱ ሱባኤ ገባች፤ ከእህል ተለይታ የማታውቅ ሴት። ስሜን ሰምተው የማያውቁ ቄሶች በየቅዳሴው ይጠሩኝ ጀመር። በሕይወቴ ሙሉ እንደዚያ ሰሞን ተፈልጌ አላውቅም።

ከእኔ በፊት ተራ የደረሳት የሺ ናት። ስትወጣ በተሽከርካሪው አልጋ ላይ ሆና እጇን አነሣችልኝ። "ቆይ መጣሁ" አለች፣ ሱቅ እንደሚሄድ ሰው። ከሰዓት በኋላ አልጋዋ ላይ አዲስ አንሶላ ተነጠፈ። ነርሷ ዓይኔን ሳታይ አለፈች። ወደ ጥሩወርቅ ዞርኩ። አፏን ስትከፍት አየኋት፤ ሌላ ክፍል አዛውረዋት ነው ልትል ነው፣ ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል። ዋጠችው።

"ሞተች" አለችኝ።

"እግዜር ይስጥሽ" አልኳት። አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሁለታችንም ለየሺ አለቀስን። ኮሪደር ማንም አልወጣም።

የእኔ ተራ ሲደርስ ፀጉሬን ላጩኝ። ጥሩወርቅ እስከ በሩ ድረስ አልጋውን ይዛ ሄደች። "እንዳትፈሪ" አላለችኝም። "እኔም ፈርቻለሁ" ነው ያለችኝ። በሩ ተዘጋ።

ነቃሁ። ግራ እጄ እስከ ዛሬ ይሰንፋል። የሚቃጠለው ሽታ ጠፋ። ሐኪሙ ለእኔ ለራሴ፣ ማንንም ሳያይ፣ ከእጢው ጥቂት ሥር እንደቀረና ሌላ ጊዜ እንደሚመለሱበት ነገረኝ።

ሸሕዲ ስመለስ ሰሊጡ ሁሉ ፈስሶ አገዳው ቆሞ አገኘሁት። ከብት ለቀቅኩበት። ሙላው እግሬ ላይ ሲወድቅ አነሣሁት። ፈንቴ መጣ፤ ወሰኑን መልስ አልኩት፣ ድንጋዩን ወደ ጥንቱ ቦታ መለሰ፣ ይቅር አልኩት። ደብሪቱ ጠላዬ ከእሷ እንደሚበልጥ ማኅበርተኛው ሁሉ ባለበት ተናገረች፤ ይቅር አልኳት። ጥሩወርቅን ይቅር አላልኳትም፤ ገና አንድ ቀዶ ጥገና ቀርቶኝ ነበር። የሁለተኛው ቀዶ ጥገና ቀን ሲነገረኝ ከሁሉ በፊት የደወልኩት ለእሷ ነው። ቀኑን ነገርኳት፤ አብረን ሄድን።